ስለ ቅዱስ ፈረሰኛ ሕግና ስለ ኦርዮ ንጽሕና

በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል፣ ቀድሞ ነገሥት ካልዕ በሚባለው፣ በ11ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ታሪክ መምህራን ሲተረጕሙ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክቱት የንጉሡን የዳዊትን ውድቀት ነው። ይህም የተገባ ነው፤ እንደ ልበ አምላክ የተቈጠረ ንጉሥ ከወደቀ ማን እቆማለሁ ብሎ ይመካል ያሰኛልና። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሳይወድቅ የሞተ አንድ ጭፍራ አለ፤ እርሱም ኬጢያዊው ኦርዮ ነው። ዳዊት ከጦር ሰፈር አስጠራው፤ የኢዮአብንና የሕዝቡን ደኅንነት፣ የጦርነቱንም ነገር ጠየቀው፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ወርዶ እግሩን እንዲታጠብ አዘዘው፤ የንጉሥ ስጦታም በኋላው ተከተለው። ኦርዮ ግን ከጌታው አሽከሮች ጋር በቤተ መንግሥቱ ደጅ ተኛ። ስለ ምን ቢሉ፤ ታቦቱ፣ እስራኤልም ይሁዳም በዳስ ተቀምጠው፣ አለቃው ኢዮአብም በሜዳ ሰፍሮ ሳለ፣ እርሱ ብቻውን ወደ ቤቱ ገብቶ ይበላና ይጠጣ ከሚስቱም ጋር ይተኛ ዘንድ ኅሊናው አልፈቀደለትምና ነው። በማግሥቱ ንጉሡ አብልቶ አጠጥቶ አሰከረው፤ በዚያችም ሌሊት ወደ ቤቱ አልወረደም።

ኦርዮ በትውልዱ እስራኤላዊ አልነበረም፤ የሰፈሩን ሕግ ግን ሕጉን ከሚያስጠብቀው ንጉሥ ይልቅ ጠበቀ። ስለዚህ የጦር ሰው ንጽሕና ምን እንደ ሆነ ሊያውቅ የሚወድ ሁሉ ወደ ኦርዮ ይመልከት።

በዚህ ታሪክ ሚዛንነት ሊመዘን የሚገባው አንድ ነገር አለ። በባሕር ማዶ፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ ሰዎች በገበታ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታ ተነሥቷል፤ በዚያም ውስጥ በሕግና በመሐላ የታሰረ ቅዱስ ፈረሰኛ አለ፤ ስሙንም ፓላዲን ይሉታል። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ናትና፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ነገር ከሌላው አስቀድማ ማየት የቈየ ዕጣዋ ነው። የመጋላ ገዢም ጨርቁን ወደ ብርሃን አውጥቶ ድርና ማጉን ሳያይ ዋጋ አይቈርጥም። ከውጭ የመጣ ምሳሌም እንዲሁ ነው፤ ሳያዩ መጣል ስንፍና፣ ሳይመረምሩ መቀበልም የዋህነት ይሆናል።

የጨዋታው ሥርዓት እንዲህ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ገበታ ይቀመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ ዳኛ ሆኖ የአገሩን፣ የመንገዱንና የጠላቱን ነገር ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በአሳባቸው ፈጥረው በዚያ ሰው ስም ይናገራሉ፣ ይዘምታሉ፣ ይምላሉም። ይሆን አይሆን የሚያጠራጥረውን ነገር ብዙ ገጽ ባለው የዕጣ ጠጠር ይቈርጡታል። የገበታ ጨዋታ ለመኳንንት አዲስ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች የፊተኛው መብል እስኪሆን ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህንም ወረራ ይሉት ነበር። ነገር ግን የሰንጠረዥ ፈረስ ይበላ ዘንድ እንጂ ይጾም ዘንድ አይጠየቅም። የባሕር ማዶው ጨዋታ ከሰንጠረዥ የሚለይበት ይህ ነው፤ ለፈረሰኛው ኅሊና ሰጠው፤ ኅሊና ከሰጠውም በኋላ ሕግ ሊሰጠው ግድ ሆነበት።

ጨዋታን ከመጻሕፍት ትርጓሜ ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው ቢኖር፣ ነቢዩ ናታን ያደረገውን ያስብ። ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ አስቀድሞ ሕግ አላነበበለትም፤ ምሳሌ ነገረው እንጂ። ብዙ በግና ላም ያለው ባለጠጋ፣ ድኻው በጉያው ያሳደጋትን አንዲት በግ ወስዶ ለእንግዳው እንዳረዳት ተረከለት። ያ ባለጠጋና ያ ድኻ በአንድ አገር ስማቸው አይታወቅም፤ በናታን ቃል ውስጥ ብቻ የነበሩ ናቸው። ዳዊት ግን እውነት መስሎት ተቈጣ፤ ፈረደም፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ተመለሰ። እንግዲህ ሰው በተፈጠረ ታሪክ ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ የልቡን ሚዛን ይገልጣል። በገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ስለ ቅዱስ ፈረሰኛ ንጽሕና የሚከራከርም ሰው፣ ሳያውቀው ስለ ቅድስና ያለውን ሃይማኖት ይናዘዛል። ነቀፋውም ምስጋናውም የሚገባው ለዚህ ኑዛዜ ነው።

የሕጉ አመጣጥ ይህ ነው፤ የባሕር ማዶው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ይነበብ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 አወጡት። ቅዱሱ ፈረሰኛ በ1975 በታተመው ተጨማሪ መጽሐፍ ገባ፤ ሕጉም በ1978 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ተዘርዝሮ ተጻፈ። እንደዚያ መጽሐፍ ሥርዓት ፈረሰኛው በጎነትንና ሕግን ሁልጊዜ ይጠብቃል፤ ካገኘው ሀብት አሥራት ያወጣል፤ ለኑሮው ከሚበቃው በላይ አያከማችም፤ ኀይል ካላቸው ልዩ ዕቃዎች ከ10 የበለጠ አይዝም፤ ከክፉዎችም ጋር ማኅበር አይገባም። ስለዚህም ዋጋ ይሰጠዋል፤ እጁን ጭኖ ቍስለኛ ይፈውሳል፣ ደዌ አይነካውም፣ ክፉ ነገር በቀረበ ጊዜ ያውቃል፣ የተለየም የጦር ፈረስ ያገኛል።

የሚያስደንቀው ነገር፣ በዚያ ሕግ ውስጥ ስለ ሩካቤና ስለ ንጽሕና የተጻፈ ቃል አለመኖሩ ነው። ተጫዋቾቹ ግን ቅዱስ ፈረሰኛ ሚስት ያግባን አያግባን፣ ሴት ይመልከትን አይመልከትን እያሉ እጅግ ይከራከራሉ። መጽሐፉ ዝም ካለ ክርክሩ ከወዴት መጣ ቢሉ፣ ከቀድሞው የምዕራብ ታሪክ ነው። በፈረንሳይ አገር በትሯ በ1129 በተደረገው ጉባኤ የቤተ መቅደስ ፈረሰኞች የተባሉት ወታደሮች ሥርዓት ተሰጣቸው፤ እነርሱም እንደ መነኮሳት በድንግልና፣ በድኽነትና በመታዘዝ ለመኖር የማሉ ነበሩ። በንጉሥ አርተር ተረትም ጋላሃድ ስለ ንጽሕናው ቅዱሱን ጽዋ ሲያገኝ፣ ላንስሎት ከንጉሡ ሚስት ጋር ስለ ነበረው ነገር ተከለከለ። ነገር ግን ፓላዲን የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከንጉሥ ሻርለማኝ ባልደረቦች ነው፤ ከእነርሱም ስሙ የገነነው ሮላን እጮኛ ነበረችው። እንግዲህ አንዱ ስም ሁለት ዓይነት ሰው ተሸክሟል፤ ክርክሩም ከዚህ ተወለደ።

የፊተኛው ነቀፋ በዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን ንጽሕናዎች አንድ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ካህን ክህነት ሳይቀበል በፊት በሕግ ያገባል፤ መነኵሴ ግን ከሴት ርቆ ይኖራል፤ ሁለቱም በየወገናቸው ንጹሓን ይባላሉ። ካህኑ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ይህም የእርሱ ፈተና ነው። የመነኵሴውን ሕግ በካህኑ ላይ የሚጭን፣ የካህኑንም ፈቃድ ለመነኵሴው የሚሰጥ፣ ሁለቱንም ያፈርሳል። የኦሪት ሕግም ለጦር ሰው ድንግልናን አላዘዘም። በኦሪት ዘዳግም በ20ኛው ምዕራፍ አጭቶ ያላገባ ሰው ከዘመቻ እንዲመለስ፣ በ24ኛው ምዕራፍም አዲስ ሚስት ያገባ አንድ ዓመት ከዘመቻ ነጻ ሆኖ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ተጽፏል። በ23ኛው ምዕራፍ ደግሞ አምላክ በሰፈሩ መካከል ይመላለሳልና ሰፈሩ የተቀደሰ እንዲሆን ታዝዟል። ስለዚህ ሚስት ማግባት ሌላ፣ የሰፈር ቅድስና ሌላ ነው።

ኦርዮም ሚስት ነበረችው። የተወውም የተከለከለውን አይደለም፤ የተፈቀደለትን ነው። ይህ ነገር በተጫዋቾቹ ክርክር ውስጥ የጐደለው ፍሬ ነገር ነው፤ እነርሱ ይህ ለፈረሰኛው ተፈቅዷልን ብለው ይጠይቃሉ፤ ኦርዮ ግን ከመፈቀዱ አልፎ ለዛሬ ይገባልን ብሎ ጠየቀ። የጾምም ምሥጢር ይህ ነው፤ ጿሚ ሥጋና ወተትን የሚተወው ርኩስ ስለ ሆኑ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በፊተኛው መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ ባልና ሚስት በስምምነት፣ ለጸሎት፣ ለጊዜውም ብቻ እንዲለያዩ አስተማረ። እንግዲህ የባለ ትዳር ጭፍራ ንጽሕና ጾም ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ሰይፍና ምንኵስና በአንድ ሰው ቢገናኙ እንኳ፣ በኢትዮጵያ ታሪክ እያንዳንዱ በየጊዜው ሲሆን ታይቷል። ዐፄ ካሌብ በ6ኛው መቶ ዓመት ስለ ናግራን ክርስቲያኖች ባሕር ተሻግረው ከሒምያር ንጉሥ ጋር ተዋጉ፤ ከድልም በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኰሱ ተብሎ ይተረካል። ሰይፉ አስቀድሞ፣ ቈቡ በኋላ ሆነ፤ አንዱ የሌላውን ሥፍራ አልያዘም።

ሁለተኛው ነቀፋ ከፊተኛው ይከብዳል፤ ይኸውም በጨዋታው ሕግ ንጽሕና የኀይል ዋጋ መሆኑ ነው። ፈረሰኛው ሕጉን ቢጠብቅ ይፈውሳል፤ ቢያፈርስ በዚያው ቅጽበት ኀይሉ ይለየዋል። ይህ ሥርዓት ለጨዋታ የሚመች ይሁን እንጂ፣ ሰውን ሒሳብ ያስተምረዋል እንጂ ፍቅርን አያስተምረውም። ኀይሉን እንዳያጣ ብሎ ከኃጢአት የሚርቅ ሰው፣ ገንዘቡን እንዳያጣ ብሎ በገበያ ከሚጠነቀቅ ነጋዴ አይለይም።

የሶምሶን ነገር በዚህ ላይ ምስክር ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት በ16ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ሶምሶን ወደ ጋዛ ወርዶ ወደ ጋለሞታ ቤት ገባ። በዚያችው ሌሊት ግን ተነሥቶ የከተማውን በር መዝጊያ ከነመቃኑ ነቅሎ በትከሻው ተሸከመው፤ ኀይሉ አልተለየውም። የተለየው ራሱ በተላጨ ጊዜ ነው። ስለ ምን ቢሉ፤ አንድም የናዝራዊነቱ ምልክት ጠጕሩ ነበረና፤ አንድም የአምላክ ትዕግሥት ፍርዱን ስላዘገየው ነው፤ አንድም ኀይል የንጽሕና ማስረጃ እንዳልሆነ ለሚመጣው ትውልድ ይታወቅ ዘንድ ነው። ሦስተኛው አንድምታ ለዚህ ነገር ይስማማል። ብዙ ኀያላን በኃጢአታቸው ውስጥ ሳሉ በር ነቅለው ተሸክመዋልና፤ በኀይላቸውም ጽድቃቸውን የመሰከረላቸው የዋህ ብዙ ነው። በጨዋታው ሕግ ያደገ አሳብ ግን፣ ይህ ሰው ኀይሉ ካልተለየው ንጹሕ ነው ወደ ማለት ያዘነብላል። ይህ ለጨዋታ ስሕተት ነው፤ ለመንግሥትና ለቤተ ክህነት ግን ጥፋት ነው።

ኦርዮን ከሶምሶን ጋር ያስተያዩት። ኦርዮ በንጽሕናው ምን አገኘ ቢሉ፣ በእጁ የሞቱን ደብዳቤ ተሸክሞ ወደ ኢዮአብ ተመለሰ። ወደ ቤቱ ወርዶ ቢሆን በሕይወት በኖረ ነበር፤ የንጉሡም ነውር በተሸፈነ ነበር። እንግዲህ ሕግን መጠበቅ ኀይል የሰጠው አይደለም፤ ሕይወቱን ያስከፈለው ነው። እርሱም የሞቱን ደብዳቤ ሳያውቅ የጠበቀው ሕግ ስለ ራሱ አልነበረም፤ በሜዳ ስለ ሰፈሩት ወንድሞቹና በዳስ ስላለችው ታቦት ነበረ። የጨዋታው ሕግ ፈረሰኛውን በራሱ ቅድስና ዙሪያ ያዞረዋል፤ የኦርዮ ሕግ ግን ወደ ባልደረባው ያመለክታል። መጥምቁ ዮሐንስም ጭፍሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ በሉቃስ ወንጌል በ3ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ሰው እንዳይበድሉ፣ በሐሰት እንዳይከስሱ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው መከራቸው። በኢትዮጵያም ወታደር በባላገር ቤት እየተሰራ በኖረበት ዘመን የወታደር ንጽሕና የሚፈተነው በጦር ሜዳ አልነበረም፤ በባላገሩ ምድጃ አጠገብ ነበረ። የባላገሩን ሚስትና ልጅ ያከበረ፣ ጐተራውንም ያልደፈረ፣ እርሱ ቅዱስ ፈረሰኛ ተብሎ ሊጠራ ይገባ ነበር፤ ማንም ግን ስለዚህ የተለየ ፈረስ አልሰጠውም።

በዚህ ስፍራ ሌላው የባሕር ማዶ ጨዋታ ሳይመሰገን አይታለፍ። በ1985 ግሬግ ስታፎርድ የተባለው ሰው ፔንድራገን የሚባል ስለ አርተር ፈረሰኞች የሚናገር ጨዋታ አወጣ። በእርሱ ውስጥ ጠባያት በ13 ጥንድ ተከፍለዋል፤ ንጽሕናም ከፍትወት ጋር ተጣምሯል፤ የሁለቱ ቍጥር ሲደመር ሁልጊዜ 20 ነው። የአንዱ ቍጥር 16 ቢሆን የሌላው 4 ይሆናል። ፈረሰኛው እንደ ሥራው ቍጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በፈተናም ጊዜ በዕጣ ጠጠር ይመዘናል። ፈተና በመጣ ጊዜ የሰውን ልብ በጠጠር መቍረጥ ነቀፋ አያጣውም፤ ሆኖም አንድ እውነት ይዟል፤ ንጽሕና አንድ ጊዜ ተምሎ የሚቀመጥ ዕቃ ሳይሆን በየዕለቱ ሥራ የሚጠነክር ልማድ ነው። ኦርዮ በሁለተኛይቱ ሌሊት ወይን አእምሮውን በወሰደው ጊዜ እንኳ እግሩ ወደ ቤቱ አልሄደም። አሳቡ ሲደክም ልማዱ ጠበቀው። ሕግን ከአፉ ብቻ የተማረ ሰው ግን በስካር ጊዜ ሕጉ ከአፉ ጋር ይወድቃል።

ሦስተኛው ነቀፋ በተጫዋቹ ላይ አይደለም፤ በዳኛው ላይ ነው። ብዙ ዳኞች ቅዱስ ፈረሰኛ በገበታቸው በተቀመጠ ጊዜ፣ እርሱን የሚያሰናክል ወጥመድ ማዘጋጀትን እንደ ብልሃት ይቈጥሩታል። ይህን ቢያደርግ ሕግ አፈረሰ፣ ያን ቢያደርግም ሕግ አፈረሰ የሚያሰኝ መንገድ ይሠሩለታል፤ በወደቀም ጊዜ ይሥቃሉ። በ11ኛው ምዕራፍ ይህን ያደረገ ማን ነው ቢሉ፣ ዳዊት ነው። ያሰናበተው፣ ስጦታ ያስከተለው፣ ለምን ወደ ቤትህ አልወረድህም ብሎ የጠየቀው፣ አጠጥቶም ያሰከረው እርሱ ነው። ለምን ቢሉ፣ የራሱ ነውር እንዲሸፈን ነው። ይህ ነገር ሊታሰብበት ይገባል፤ የሌላውን ንጽሕና ለማፍረስ የሚደክም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው የራሱ ነገር አለው። ንጹሕ ሰው በመካከል ቢቆም ለቀሩት ወቀሳ ይሆንባቸዋልና፣ እርሱን ማውረድ እንደ ዕረፍት ይታያቸዋል። ይህም በገበታ ጨዋታ ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ በግቢም በደብርም ይደረጋል። የታመነውን ዲያቆን ወደ ጠጅ ቤት መጐተት፣ ጉቦ የማይቀበለውን ዳኛ በስጦታ ማባበል፣ ይህ ሁሉ የዳዊት ሁለተኛይቱ ሌሊት ነው።

መልካም ዳኛ ግን ይፈትናል እንጂ አያጠምድም። በፈተናና በወጥመድ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው፤ ፈተና ቢከብድም የሚቆሙበት መንገድ አለው፤ ወጥመድ ግን መውጫ የለውም። ለኦርዮ እንኳ፣ ንጉሡ የሞት ደብዳቤ ቢጽፍበትም፣ በደጅ የሚተኛበት ስፍራ ቀርቶለት ነበር።

አራተኛው ነቀፋ ስለ ውድቀትና ስለ መመለስ ነው። በ1978 የተጻፈው ሕግ ሁለት ፍርድ ያውቃል። ፈረሰኛው ሥርዓት የሚያፈርስ ሥራ አውቆ ቢሠራ፣ ማዕርጉ ከፍ ወዳለ ካህን ሄዶ ይናዘዛል፤ ካህኑ ያዘዘውንም ንስሓ ይፈጽማል። ክፉ ሥራ አውቆና ወዶ ቢሠራ ግን ቅዱስነቱን በዚያው ጊዜ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ሥራ አይመልሰውም፤ ዕድሜውን ሁሉ ተራ ወታደር ሆኖ ይኖራል። የፊተኛው ፍርድ ለቤተ ክርስቲያን ልጅ የታወቀ ነው፤ ካህን፣ ኑዛዜና ቀኖና አለበትና። ሁለተኛው ፍርድ ግን በዳዊት ላይ ቢፈረድ ምን በሆነ ነበር? ዳዊት አውቆና ወዶ አመነዘረ፤ አውቆና ወዶ ኦርዮን አስገደለ። በዚያ ሕግ መሠረት መዝሙሩ ሊቈም፣ ስሙም ከቅዱሳን ሊፋቅ ይገባ ነበር። ነገር ግን ናታን በመጣበት ጊዜ ኃጢአቱን አመነ፤ የ50ኛው መዝሙር አርእስትም ይህን ጊዜ ይጠቅሳል፤ ያ መዝሙርም እስከ ዛሬ የንስሓ ሁሉ አፍ ሆነ።

ሆኖም የመጽሐፉ ምሕረት ርካሽ አይደለም። ዳዊት ይቅር ተባለ፤ ሰይፍ ግን ከቤቱ እንዳይርቅ ተነገረበት፤ ሕፃኑም ሞተ፤ አቤሴሎምም ተነሣበት። የጨዋታው ሕግ ወይ ሁሉን ይመልሳል ወይ ሁሉን ይነሣል፤ መጽሐፍ ግን ማዕርግን መልሶ ጠባሳን ያስቀራል። ልዩነቱ ጥልቅ ነው። ጨዋታው ራሱ ይህን ጉድለት ከጊዜ በኋላ የተረዳው ይመስላል፤ በ2014 በታተመው መጽሐፍ ፈረሰኛው በመሐላ የታሰረ ሆኖ፣ መሐላውን ቢያፈርስ ወደ ካህን ወይም ወደ ባልደረባው ሄዶ ይቅርታ ይለምናል፤ ሌሊቱን በጸሎት ሊተጋ ወይም ሊጾም ይችላል ተብሎ ተጽፏል። ንስሓ የማይገባው ግን መንገዱን ይለቃል። ይህ ከፊተኛው ይልቅ ወደ እውነት የቀረበ ነው።

ከኢትዮጵያ ነገሥታት መካከል ይህን ፈተና በግልጥ የሚያሳዩት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ በትንቢት የተነገረውን ስም ያዙ። ከእቴጌ ተዋበች ጋር በቍርባን ተጋብተው በአንድ ሚስት ጸኑ፤ ቅምጥ ማኖርን አወገዙ፤ ሰዉም በሕግ እንዲያገባ አዘዙ፤ ወታደርም ባላገር እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊሠሩለት ጀመሩ። ይህ ሁሉ የቅዱስ ፈረሰኛ ሕግ ነበረ። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ከዚያ በኋላ ንጉሡ ያወገዙትን ነገር ራሳቸው አደረጉት፤ ቍጣቸውም እየበረታ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ጐንደርንና አብያተ ክርስቲያናቷን እስከ መዝረፍና ማቃጠል አደረሳቸው። ሕጉን ባፈረሱበት ቀን ግን ክንዳቸው አልዛለም፤ በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ ብዙ ዓመት ነገሡ። የጨዋታው ሕግ ይህን ሊገልጠው አይችልም። የሶምሶን ታሪክ ይገልጠዋል፤ ኀይል ይቈያል፤ ከኀይሉ በፊት የሚለየው ናታንን የሚሰማ ጆሮ ነው። ለዳዊት ናታን መጣ፤ ዳዊትም ሰማ። ዙፋን ላለው ሁሉ የሚያስፈራው ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ የሚገሥጸውን ሰው ከደጁ ማራቅ ነው።

ስለ መሐላ ነገር ድሬዳዋ የራስዋ ምስክር አላት። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ስፍር ቍጥር የሌለው ስእለተኛ ከቆላው ከተማ ተነሥቶ በደንገጎ ዐቀበት ወደ ቁልቢ ገብርኤል ይወጣል። ያችም ቤተ ክርስቲያን ከዐድዋ ዘመቻ ጋር በተያያዘ ስእለት በራስ መኰንን እንደ ተሠራች ይነገራል፤ እንግዲህ እርስዋም የጦር ሰው መሐላ ፍሬ ናት። የስእለተኛው ነገር ግን ከፓላዲኑ መሐላ ይለያል። ፓላዲኑ ኀይሉን ለማቈየት ዕለት ዕለት ይከፍላል፤ ስእለተኛው ግን አስቀድሞ የተቀበለ ሰው ነው፤ ልጅዋ የዳነላት እናት ዐቀበቱን የምትወጣው እንዲድንላት አይደለም፤ ስለ ዳነላት ነው። የመጀመሪያው ንግድ ይመስላል፤ ሁለተኛው ምስጋና ነው። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍም የተሳለ እንዳይዘገይ፣ ያልተሳለ ግን ኃጢአት እንደሌለበት ተነግሯል። ስለዚህ ንጽሕናን የሚሳል ፈረሰኛ፣ በገበታም ሆነ በእውነት፣ አስቀድሞ ምን እንደ ተቀበለ ይጠይቅ። ምንም እንዳልተቀበለ የሚያስብ ሰው ሕጉን ሸክም ያደርገዋል፤ ባልንጀሮቹንም በሕጉ ያሠቃያቸዋል።

ነቀፋው ይህን ያህል ከሆነ ምስጋናው ምንድር ነው? ቅዱስ ፈረሰኛን የፈጠሩት ሰዎች ኀይል ያለ ሕግ እንደማይገባ አስተዋሉ። ማሸነፍ ብቻ በሚፈለግበት ገበታ ላይ፣ ለጊዜው ሊያሸንፍ እየቻለ ስለ ሕጉ ብሎ የሚሸነፍ ሰው አስቀመጡ። ይህ ታላቅ ነገር ነው። ጐደሎው ሕጉ መብዛቱ ወይም ማነሱ አይደለም፤ የሕጉ ምክንያት አለመነገሩ ነው። ተጫዋቹ ፈረሰኛዬ ምን ተከልክሏል ከማለት ይልቅ፣ በዳስ ያሉት ወንድሞቼ እነማን ናቸው ብሎ ቢጠይቅ፣ ስለ ሴትና ስለ ጋብቻ ያለው ክርክር በራሱ ይፈታል፤ ባለ ትዳሩ ለሚስቱ ይታመናል፣ ድንግሉ ስእለቱን ይጠብቃል፣ ሁለቱም በዘመቻ ጊዜ ከባልደረቦቻቸው የተለየ ምቾት አይሹም። ዳኛውም ከዳዊት ስፍራ ወርዶ ወደ ናታን ስፍራ ቢሻገር፣ የወደቀውን ከመሣቅ ይልቅ ወደ መመለስ መንገድ ያሳየዋል።

የዚህ ሁሉ ማኅተም በሁለት ስፍራ ተጽፏል። በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ23ኛው ምዕራፍ የዳዊት ኀያላን ስም ተቈጥሮ፣ በመጨረሻ የተጠራው ኬጢያዊው ኦርዮ ነው፤ ቍጥራቸውም 37 ነው። ዳዊት ሊሰውረው የፈለገው ሰው ከዳዊት ኀያላን መዝገብ አልተፋቀም። ዳግመኛም ማቴዎስ የጌታን ትውልድ ሲቈጥር ሰሎሞንን ከወለደችው ደርሶ ቤርሳቤህ ብሎ አልጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት የነበረች ብሎ ጻፈ እንጂ። ስለ ምን ቢሉ፤ አንድም የዳዊትን ኃጢአትና ንስሓ ሊያሳስብ፤ አንድም አሕዛብ ከትውልዱ እንዳልተለዩ ሊያሳይ፤ አንድም በደጅ ተኝቶ ያደረውን ጭፍራ ስም ለማክበር ነው። እርሱ በንጽሕናው ኀይል አላገኘም፤ ፈረስም አልተሰጠውም፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰም። ስሙ ግን ወንጌል በተነበበበት ሁሉ ይነበባል።

ለሚያስተውሉ ማስተዋልን፣ ለወደቁትም መመለስን የሚሰጥ አምላክ ክብርና ምስጋና ይድረሰው፤ ለዓለመ ዓለም አሜን።